መድኃኒት ያዡ ቀለበት፦ ተረትና እውነታ

«መድኃኒት በባዶ ሆድ አይወሰድም» የሚለው ምክር በድሬዳዋ ቤቶች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ለብዙ መድኃኒቶች ይሠራል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። የፈንገስ መድኃኒት የሆነውን ኢትራኮናዞልን እንይ። ካፕሱሉ ከምግብ ጋር፣ ፈሳሹ ግን በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አንዱን በሌላው የሚተካ ሕመምተኛ የሚገባውን መጠን ላያገኝ ይችላል።

ኢትራኮናዞል በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ካፕሱሉ እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድና ምግብ ያግዙታል። ፈሳሹ ውስጥ ግን ከስታርች የሚሠራ ሳይክሎዴክስትሪን አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት ሲኖር ሳይክሎዴክስትሪኑ 400 ሚሊ ግራም ነው። የሳይክሎዴክስትሪን 6፣ 7 ወይም 8 ግሉኮሶች ክብ ሠርተው ሲያያዙ ታች የሌለው ሲኒ ይመስላሉ። ውጩ ከውኃ ጋር ይስማማል፤ ውስጡ ውኃ የሚሸሹ ሞለኪውሎችን ያስጠጋል። ፈረንሳዊው አንትዋን ቪልዬ ይህን ውህድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891፣ ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው።

«መድኃኒቱ ላይ የሚጨመረው ሌላው ነገር መሙያ ዱቄት ነው» ይባላል። በኮቪድ ጊዜ ስሙ በየዜናው የተነሣው ሬምዴሲቪር በዱቄት መልክ ሲመጣ 100 ሚሊ ግራሙን የሚሸከመው 3 ግራም ሳይክሎዴክስትሪን ነው፤ ሠላሳ እጥፍ ማለት ነው። ያለ እሱ መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ በሚገባ አይሟሟም። ይህን መሙያ ማለት ትልቅ በደል ይመስለኛል።

ሌላው ስሕተት ደግሞ የተያዘ ሞለኪውል እንደተቆለፈበት ይቀራል ብሎ ማሰብ ነው። በሳይክሎዴክስትሪንና በመድኃኒቱ መካከል ጽኑ ኬሚካዊ ትስስር የለም፤ መድኃኒቱ ያለማቋረጥ ይገባል፣ ይወጣል። የትኛው እንደሚያመዝን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል በአካባቢው ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ይገኙበታል። አንጀት ውስጥ የሐሞት ጨዎች በዚያው ክፍተት ይሻማሉ፤ መድኃኒቱንም ሊያስወጡት ይችላሉ። ይህ ጉዳት አይደለም፤ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚያልፈው ሲለቀቅ ነውና።

አልኮል ሲጨመርስ? «ሁልጊዜ ያስወጣል» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ኢታኖል የተባለው አልኮል ክፍተቱ ውስጥ የሚያዘው ላላ ብሎ ነው፤ ብዙ ሲሆን ግን የውኃውን ጠባይ ስለሚለውጥ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ የሚገፋበት ምክንያት ይቀንሳል። ሰንሰለታቸው ረዘም ያሉ አልኮሎች የበለጠ ይሻማሉ። በተቃራኒው በከሰልና በእንጨት ጭስ ውስጥ የሚገኘው ፓይሪን አንዳንድ አልኮሎች ሲጨመሩ ይበልጥ ጠበቅ ብሎ ይያዛል፤ ትንሹ ሞለኪውል ባዶውን ቦታ ስለሚሞላ ሦስቱ አብረው ይረጋሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ተሻሚ የመሰለው ደጋፊ ሆኖ ተገኘ።

ሙቀትም አለ። ግንቦትና ሰኔ ከቀትር በኋላ ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋባት ድሬ፣ ፈሳሽ መድኃኒትን በመኪና ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር መተው «ሽታው ካልተለወጠ ችግር የለውም» በሚል ይታለፋል። ሙቀት ሲጨምር የቀለበቱ አያያዝ ብዙውን ጊዜ ይላላል፤ መድኃኒቱ ራሱም ሊበላሽ ይችላል፤ አፍንጫ ይህን አያውቅም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ማክበር ይገባል።

«ስኳር ስለሆነ የስኳር ሕመምተኛ መራቅ አለበት» የሚባለውም አይሆንም። ለኢትራኮናዞል ፈሳሽ የሚውለው ዓይነት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ይልቅ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጉዳይ ግን ሱጋማዴክስ ነው። ይህ ሳይክሎዴክስትሪን ራሱ መድኃኒት ነው፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ ጡንቻን የሚያዝለውን ሮኩሮኒየምን ደም ውስጥ ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው ቶሬሚፊን ግን ሮኩሮኒየምን ከቀለበቱ ሊያስወጣ ይችላል፤ የሕመምተኛዋም ማገገም ይዘገያል። ሱጋማዴክስ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞኖችንም ስለሚይዝ፣ የሆርሞን የወሊድ መከላከያ የምትጠቀም ሴት ከተሰጣት በኋላ ለ7 ቀናት እንደ ኮንዶም ያለ ሆርሞን የሌለው ተጨማሪ መከላከያ መጠቀም ይኖርባታል። ስለዚህ ለቀዶ ጥገና ስትገቢ እንክብል፣ መርፌም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበር መከላከያ እንደምትጠቀሚ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሪ፤ ስትወጪም ሱጋማዴክስ ተሰጥቶሽ እንደሆነ ጠይቂ።