የጠፉ እንስሳትና ባለ ቀለም ሸክላ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሸክላ ነው። ታዲያ ስለ ጀበና፣ ስለ እንስራ ወይም ስለ ምጣድ አይደለም። ከምድር ከጠፉ ብዙ ዘመን የሆናቸውን እንስሳት መስለው ስለሚሠሩ የሸክላ ቅርጾች ነው። ቅርጾቹ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቡናማ ቀለም ያብረቀርቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማንም ሰው በዓይኑ ያላየውን እንስሳ ቀለሙን እንዴት እናውቃለን?

በቅድሚያ በዓይናቸው ያዩትን ሰዎች እናንሣ። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ዶልኒ ቪየስቶኒትሴ የምትባል መንደር አለች። በአካባቢዋ ከአፈር ተሠርተው በእሳት የተተኮሱ ትናንሽ ቅርጾች ከመሬት ውስጥ ወጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ25,000 ዓመት በላይ ነው። በ1925 የተገኘችው የሴት ምስል ቁመቷ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የድብ፣ የአንበሳ፣ የአውራሪስና የማሞዝ ቅርጾችም አሉ። ማሞዝ ማለት ዝሆን የሚመስል፣ ሰውነቱ በረጅም ፀጉር የተሸፈነ፣ ዛሬ ግን ዘሩ የጠፋ እንስሳ ነው።

እነዚያ ሰዎች ከማሞዝ ጋር በአንድ ዘመን ኖረዋል። የፀጉሩን ቀለም ያውቁ ነበር። ነገር ግን በቅርጾቹ ላይ የሚያብረቀርቅ ባለ ቀለም ቅብ የለም። የሚያውቁትን ቀለም በሸክላው ላይ አልተዉልንም።

የዛሬው ሸክላ ሠሪ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦበታል። ቀለም በእጁ ሞልቷል፤ እንስሳውን ግን አላየውም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዳይኖሰር ነው። ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። የቀሩት ዘሮቻቸው ወፎች ብቻ ናቸው። ሰው በዚያ ዘመን ገና አልነበረም። ያገኘነው ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንታቸውን ነው። አጥንቱ ስለ ቁመታቸው፣ ስለ አቋቋማቸውና ስለ ጥርሳቸው ይነግረናል።

እንግዲህ ሥራውን እንመልከት። ሸክላ ሠሪው ጭቃውን ደህና አድርጎ ያሻል። ከዚያ የእንስሳውን ሆድ ባዶ አድርጎ ያበጃል፤ ከበታቹም ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። ለምን መሰላችሁ? ወፍራም ጭቃ ውስጡ ሳይደርቅ እሳት ከገባ፣ የቀረው ውኃ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፤ አንዳንዴም ያፈነዳዋል።

ማድረቁም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀጭኑ እግርና ጭራ ቶሎ ይደርቃል፤ ትልቁ ሆድ ይዘገያል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንዱ ቀድሞ ከተኮማተረ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀጫጭኑን ክፍል በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ሁሉም አብሮ እንዲደርቅ ያደርጋል።

ሌላም ችግር አለ። ከባዱን ሰውነት ቀጭን እግር እንዴት ይሸከመው? በድሮ ጊዜ ብዙ ሠሪዎች ጭራውን መሬት ላይ ያስተኙት ነበር። ጭራው እንደ ተጨማሪ እግር ሆኖ ቅርጹን ይደግፋል። ለሸክላው ይመቻል፤ እውነት ግን አይደለም። ሊቃውንት አጥንቱንና በድንጋይ ላይ የቀረውን ኮቴ መርምረው፣ ዳይኖሰር ሲሄድ ጭራውን ከመሬት አንሥቶ እንደነበረ አውቀዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ከሆዱ ሥር ድንጋይ ወይም የዛፍ ጉቶ መስሎ የተሠራ ድጋፍ ያቆማል እንጂ ጭራውን አያስጎትትም።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ቅቡ ከተፈጨ ድንጋይና ከሌሎች ማዕድናት ተዘጋጅቶ በውኃ ይበጠበጣል። አንዴ በተተኮሰው ሸክላ ላይ ይቀባል። ከዚያ ሸክላው እንደገና ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ቅቡ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ መስታወት ይሆናል። ቀለሙን የሚሰጡት ማዕድናት ናቸው። ኮባልት ሰማያዊ ያወጣል። መዳብ አረንጓዴ ይሰጣል። ብረት ከቢጫ እስከ ቡናማና ጥቁር ይደርሳል።

ታዲያ ለዳይኖሰሩ የትኛው ይገባዋል? ለረጅም ዘመን መልሱ ግምት ብቻ ነበር። አጥንት ስለ ቆዳ ቀለም አይናገርምና። በ1996 ግን ከቻይና ምድር የአንድ ትንሽ ዳይኖሰር ቅሪት ወጣ። ስሙ ሳይኖሶሮፕተሪክስ ይባላል። ቁመናው ከራሱ እስከ ጭራው ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ነው። በገላው ላይ እንደ ጭገር ያለ ላባ ነበረው። በ2010 የቻይናና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ያንን ጭገር በኃይለኛ አጉሊ መሣሪያ አዩት። በውስጡ ቀለም የሚይዙ እጅግ ደቃቅ ፍሬዎች አገኙ። በዛሬ ወፎች ላባ ውስጥ ካሉት ፍሬዎች ጋር አስተያዩአቸው። ጭራው ቀይ ቡናማና ነጣ ያለ ቀለም የተፈራረቀበት መሆኑን ተረዱ። ለዚህ ዳይኖሰር እንግዲህ የብረት ቅብ ተስማሚ ነው። ሰማያዊ ቢቀባ የሠሪው ምርጫ ነው እንጂ የእንስሳው መልክ አይደለም።

በአገራችንም በኦሞ ሸለቆ ዲኖቴሪየም የሚባል የጠፋ እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። ዝሆንን ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ትላልቅ ጥርሶቹ ከታችኛው መንጋጋው ወጥተው ወደ ታች ይታጠፋሉ። አንድ ሸክላ ሠሪ ይህን እንስሳ ልሥራ ቢል፣ ጥርሱን እንደፈለገው ማዞር አይችልም፤ አጥንቱ መስካሪ ነው። የቆዳውን ቀለም ግን እርሱ ራሱ ይመርጣል።

መምረጡ ጥፋት አይደለም። ቅርጹን የሚያሳምረውም እርሱ ነው። ጥፋት የሚሆነው ግምቱን እንደ ማስረጃ አድርገን ስንቀበል ነው። ሥዕል ስናይ፣ ጽሑፍም ስናነብ፣ “ይህ የተገኘ ነው ወይስ የተገመተ?” ብለን እንጠይቅ። ፊደል የቆጠረ ሰው ጠይቆ ማንበብ ይችላል።

እስቲ አሁን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

1. የሸክላው ሆድ ባዶ የሚደረገው ለምንድን ነው?
2. ሰማያዊ ቀለም የሚሰጠው ማዕድን ማን ይባላል?
3. ስለ ዲኖቴሪየም የምናውቀው ምንድን ነው? የምንገምተውስ?