«እኛ በር ላይ ለምን?»

የጎዳና ተዳዳሪዎች የቀን መዋያ ሊከፈትበት ነው የተባለው ሰፈር ሰሞኑን ታምሷል

«የ23 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ከቤተሰቦቼ ጋር ነው። ከቤታችን አራት አጥር እልፍ ብሎ ያለው አሮጌ መጋዘን ለጎዳና ተዳዳሪዎች የቀን መዋያ ሊሆን ነው ተብሎ ሰፈሩ አንድ ሆኖ ተነስቷል። ሻወር፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምሳ፣ ነርስ ምናምን ይኖረዋል አሉ። አባቴ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ‹እኔ ቆሜ እያለሁ አይሞከርም!› ብሎ ቤት ለቤት ፊርማ እያሰባሰበ ነው። ከቤታችን ያልፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ። አምና ከሥራ ስመለስ ሞባይሌን የነጠቀኝ ልጅ ድልድዩ ሥር ከሚያድሩት አንዱ ነው፤ ስለዚህ እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ደግሞ ጠዋት ስወጣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ልጇን አቅፋ የምትተኛውን ሳያት... ዕድሜዋ የኔው ነው። ብፈርም ህሊናዬ፣ ባልፈርም አባቴ! ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል። «ፈርሚ» ወይም «እንዳትፈርሚ» ብሎ በሁለት መስመር መገላገል ይቻል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ ቢሮ ተቀምጠው የሚመልሱት አይደለምና ወደ ሰፈሯ ወረድን። የሰፈሩን ስም አንጠራም። ከአውቶቡስ ተራ በእግር ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው ብንል ይበቃል። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው አውቶቡስ የሚያራግፈው ልጅ፣ ዘመድ ካላገኘ የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያድረው እዚህ አካባቢ ነው።

መጋዘኑ ተዘግቷል። ሊከፍተው ያሰበው አንድ አገር በቀል ድርጅት ነው። የቀን መዋያ ማለት እንግዲህ መኝታ የሌለው ማለት ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ገላ ይታጠቡበታል፣ ልብስ ያጥቡበታል፣ ይበሉበታል፣ የታመመ ይታያል፣ አመሻሹ ላይ ይዘጋል። ይህችን «ይዘጋል» የምትለዋን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የሰፈሩ ሰው ምን ይላል?

መጀመሪያ ያገኘናቸው ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ጉልት የሚቸረችሩ እናት ናቸው። «እኔ ልጄ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉን ገና ሳንጠይቃቸው። «የተረፈችኝን ድንች ቀቅዬ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ግን ጠዋት ጠዋት እዚህ ሰልፍ ከተሰለፈ ሽንኩርት ሊገዛኝ የሚመጣው ማነው? እሱን ንገረኝ!»

ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይተው የሚኖሩ ጡረተኛ ደግሞ ተከራዮቻቸው ወሬውን ሰምተው «እንወጣለን» ማለት እንደጀመሩ ነገሩን። ሴት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚልኩ እናቶች ስለ ማስቲሽ አነሱ። የሚስቡት ልጆች አንዳንዴ ራሳቸውን ስተው መንገደኛ እንደሚያስደነግጡ እኛም አናጣውም።

ጀበና ቡና የሚጠጡት ጎረምሶች ዘንድ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ነበር። «በቃ ሰፈራችን አለቀላት! ቸከስ ይዘን የምናልፍባት መንገድ ቀረች» አለ አንዱ። ጓደኛው ሲኒውን አስቀምጦ «አንተ ራስህ አምና አባትህ ሲያባርሩህ ሦስት ቀን የት ነበር ያደርከው?» ሲለው ተሳሳቁ። ቀጥሎ ግን ዝም አሉ። ሦስቱን ቀን የት እንዳደረ እኛም አልጠየቅነው።

ከዚያ የደብዳቤዋን ባለቤት አባት ፈልገን አገኘናቸው። (ልጃቸው እንደጻፈችልን አልነገርናቸውም፤ እሷም ይህን ስታነብ አትደንግጥ።) ሰውዬው እንደጠበቅናቸው አልነበሩም። ቁጣ የለም፣ ጩኸት የለም። ከደረት ኪሳቸው አራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። 61 ፊርማ አለበት።

«እኔ የጠላሁት ድሃውን አይደለም» አሉ። «እኔን ያንገበገበኝ መናቁ ነው። ሰፈራችን ላይ ምን እንደሚሠራ የሰማነው ከግንበኛው ነው። ማን ይጠብቃል? ቆሻሻው የት ይሄዳል? ጠብ ቢነሳ ማን ጋ ይደወላል? የጠየቀን የለም፣ የነገረን የለም። ከዚህ በፊት ሽንት ቤት እንሠራላችኋለን ብለው ሠርተውልን ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላው ውሃው ተቋረጠ፣ ተቆለፈ፣ ዛሬ የውሻ ማደሪያ ነው። እሱን ያየ ሰው አሁን ደስ ይበለው?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም።

ድልድዩ ሥር

ድልድዩ ሥር ካገኘናቸው አንዱ 17 ዓመቴ ነው ይላል። የሚኖረው በሸክም ነው። ሞባይል ነጥቀህ ታውቃለህ ወይ ብለን በግልጽ ጠየቅነው።

«አላውቅም ብልህ ታምነኛለህ ብራዘር? አታምነኝም። እኛ ውስጥ የሚነጥቅ አለ። እነሱን እኛም እንፈራቸዋለን። ማታ የኛንም ጫማ ከእግራችን ነው የሚያወልቁት።»

ሻወር ቢከፈት ይጠቅምህ ነበር ወይ ስንለው የመለሰልን ግን እስከዛሬ አስበነው የማናውቀውን ነገር ነው። «ወንዝ ሄጄ ልብሴን አጥባለሁ። ግን ቅያሪ የለኝም። እስኪደርቅ ራቁቴን ቁጭ ብዬ መጠበቅ አለብኝ። ሳልጠብቅ ዞር ካልኩ ይሰረቃል። ክረምት ላይ ደግሞ አይደርቅም። ስለዚህ አላጥብም። ቆሽሼ ሥራ ስጠይቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት እግሬን ነው።» ጽዳቱ ቢሟላ እንኳ ቀጣሪው ተያዥ አምጣ ይለዋል። ተያዥ ለማግኘት የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል። የወረዳ መታወቂያ እንዳያወጣ የቤት ቁጥር የለውም። ዙሩ እንዲህ ነው፣ ማለቂያ የለውም።

«አፍሰው ለምን አይወስዷቸውም?» የሚል ሰው በሰፈሩ ብዙ አጋጥሞናል። ልጁ ሁለት ጊዜ ታፍሶ ከከተማ ውጪ እንደተጣለና ሁለቱንም ጊዜ በእግሩ እንደተመለሰ ነግሮናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 መኖሩን የሚያነሱም አሉ። ቤት ማጣት ግን ብቻውን ወንጀል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት አለው ይላል። ይሄ ሁሉ ቀርቶ... ታፍሶ የተመለሰ ልጅ የሚመለሰው እዚያው ድልድይ ሥር ነው።

የሰፈሩ ሰው ልብ ያላለው ይህን ይመስለናል። ክርክሩ በሙሉ «ይምጡ ወይስ አይምጡ?» የሚል ነው። ሰዎቹ ግን መጥተዋል! የሚተኙት ድልድዩ ሥርና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ ሰፈሩን ከተከራዮቹ በላይ ያውቁታል።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያገኘናት እናት ይህንኑ ነው በሌላ ቋንቋ የነገረችን። ልጇ ገና ዓመት አልሞላውም። ከሁሉ የሚከብድሽ ምንድን ነው ስንላት ረሃብ ትላለች ብለን ነበር። «ሽንት ቤት» አለች አንገቷን ደፍታ። «እስኪጨልም እጠብቃለሁ። ሲጨልም ደግሞ እፈራለሁ።» ከየት እንደመጣች ጠየቅናት። ከገጠር በ14 ዓመቷ ነው የመጣችው። የት ነበርሽ እስከዛሬ? «እዚሁ ሰፈር። ሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።» ሆዷ ሲገፋ አስወጧት። የትኛው ቤት እንደሆነ ጠቆር ባለ ጥፍሯ ልትጠቁም ጀመረችና እጇን መለሰችው። «ተወው ወንድሜ። ልጆቹን እኔ ነኝ ያሳደግኳቸው፤ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል።»

ይሄ ነገር አዲስ ነው እንዴ?

አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ቴሬዛ ቤት የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ ድርጅት ሲሆን፣ ቸርችል ጎዳና ላይ መንገደኛው የምግብ ኩፖን ገዝቶ ለሚለምነው ሰው የሚሰጥበትን ዘዴ ያስለመደ ነው። ገንዘብ ብሰጥ ለማስቲሽ ያውለዋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መላ አላየንም። መቄዶንያም ቢሆን ቢኒያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከተማው «ተስፋ ብርሃን» የተባሉ የምገባ ማዕከላት ከፍቷል። ሁሉም ጎረቤት አላቸው፤ አጥር ለአጥር ተያይዘው ነው የሚኖሩት።

«በሽታ ያመጡብናል» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር እንንገራቸው። ግርሻ የሚባለው ትኩሳት የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ቅማሉ የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ሲሆን፣ የሚገድለው የፈላ ውሃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜም ዋናው ጉዳይ ሽንት ቤትና ንጹሕ ውሃ ነበር። እንግዲህ የልብስ ማጠቢያና ሽንት ቤት ያለው ግቢ ሰፈሩን ያሳምማል ወይስ ያድናል? ዛሬ ድልድዩ ሥር የሚጣለው ነገር ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚሄድ ከወንዙ ግርጌ ያሉት ጎረቤቶች ያውቁታል።

ይህ ሲባል ግን ሰፈሩ ዝም ብሎ ይቀበል ማለታችን አይደለም። ያዙልን ያልናችሁን አሁን እናንሳ። ማዕከሉ ማታ ሲዘጋ ሰዎቹ ወዴት ይሄዳሉ? የድርጅቱን ሠራተኛ ስንጠይቃት «ወደሚያድሩበት» አለችን። ይህ መልስ አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ሆ ብሎ ከወጣ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ የፈሩት ሰልፍ ጠዋት ሳይሆን ማታ ሊሆን ነው። በየተራ ማስወጣትና ሕፃን የያዙትን ለብቻ ማደሪያ ወዳላቸው ድርጅቶች ማስተላለፍ ይቻላል። ግን ማሰብና ቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል።

ሰልፉም ከአጥር ውጪ መሆን የለበትም። መጋዘኑ ሰፊ ግቢ አለው፤ በሩን ቀደም ብሎ ከፍቶ ተሰላፊውን ወደ ውስጥ ማስገባት ሰፈሩንም ያሳርፋል፣ ልመና ያልለመደውን ሰው ከመንገደኛ ዓይን ያድናል። ጥበቃውና ወጥ ሠሪዋ ከዚሁ ሰፈር ይቀጠሩ። እድሩ በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሰው ያስገባ። የሚያነሳ ሰው ያለው ስልክ በበሩ ላይ ይጻፍ። ውሃ የሚቋረጥ ከሆነ ከወዲሁ ታንከር ይቀመጥ፤ ያለ ውሃ ሻወር ቤት ምን ዋጋ አለው? ጉልት ቸርቻሪዋ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት የሚሄዱበት የላቸውምና እሳቸውም ይጠቀሙበት። ይህንንም በጆሮ የሰማነው እንዳይሆን ሁሉም በጽሑፍ ይስፈር። ስድስት ወር ተሞክሮ ሳይሠራ ቢቀር ሰፈሩ «አልሆነም» የማለት መብት ይኑረው።

ይህንኑ ለጸሐፊው አባት ስናዋያቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ታንከሩን ጻፉልኝ እስቲ» አሉና ወረቀቱን ገልብጠው 61 ፊርማ ካለበት ጀርባ እሳቸው ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። «ይህን ይፈርሙልኝና የኔን እቀድላቸዋለሁ። ካልፈረሙ ግን ጨርሶ አይታሰብም!»

እህታችን፣ ያኛውን ገጽ አትፈርሚ። ጀርባውን አንብቢና የጎደለ ካለ አባትሽን ጨምሩበት በያቸው። መፍራትሽ ግን አያሳፍርሽ፤ የተነጠቅሽው አንቺ ነሽ። ማታ የምትመለሽበት መንገድ መብራት እንደሌለው በዓይናችን አይተናልና እሱንም አስጽፊው። ስብሰባው የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ ድንኳን ነው። ድርጅቱ እመጣለሁ ብሏል። የወረዳው ተወካይ እመጣለሁም አልመጣምም አላሉንም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የምታድረውን እናት እንጥራት ወይስ አንጥራት በሚለው ላይ ግን፣ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ የእድሩ ሰዎች አልተስማሙም።