ረቂቅ ሕግ እንጅባራ ሲደርስ

ከባሕር ዳር ተነስቶ የአዲስ አበባን መንገድ ለያዘ ሰው፣ ዳንግላን አልፎ ደጋውን ሲወጣ እንጅባራ በብርዷና በጭጋጓ ትቀበለዋለች። ሽማግሌዎቹ በድሮ ስሟ ኮሶበር ይሏታል። በዚህች ከተማ በአብዛኞቹ የአማራ ክልል ዞኖች የማይገኝ ተቋም አለ፤ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤት።

ሰሜን ሸዋም ደቡብ ወሎም ዞኖች ናቸው፤ ዞን ግን የክልሉ መንግሥት ክንድ እንጂ የራሱ ምክር ቤት ያለው እርከን አይደለም። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 59 የወጣው የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች ግን አስተዳደራቸውን ከነምክር ቤቱ ደንግጓል። የሥራ ቋንቋን መወሰን፣ የብሔረሰቡን ቋንቋ፣ ባህልና ታሪክ መጠበቅ የዚህ ምክር ቤት ሥልጣን ነው። የክልሉን ሕገ መንግሥት በማሻሻል ሂደትም ድርሻ አለው። ጥንት አገው ምድር አውራጃ ተብሎ ከዳንግላ ይተዳደር ለነበረ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምክር ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እጅ የሚወጣበትን ቀን ነው። ሕግ የሚበጠረው ግን ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለክልሉ ምክር ቤት ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው መርምሮ ከነውሳኔ ሐሳቡ ይመልሰዋል፤ ከጸደቀ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታወጃል። ረቂቁ ከተመራበት ቀን እስከሚጸድቅበት ቀን ያለችው ጊዜ አጭር ናት። እንጅባራ ቃሏን መስጠት ያለባት በዚያች ጊዜ ነው። ዝክረ ሕግ ላይ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አቤቱታ ብቻ ነው።

የምን ቃል? የመሬትን ነገር ልውሰድ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 እንደ አዲስ ወጥቷል፤ የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደግሞ ከዚያ በፊት የወጣ ነው። ክልል መሬትን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ ስለሆነ፣ ላይ የተለወጠው ታችም ይደርሳል። አሁን ፋግታ ለኮማ ወርደን አንድ ማሳ እንይ። ገበሬው ጤፍ ዘርቶ በመካከሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ችግኝ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል። ዛፉ ከፍ ሲል ከሥሩ ሣር አጭዶ ለከብቶቹ ያበላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ ያርሳል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ጎድቶታል፤ ቢሆንም ብዙ ቤት በዚህ ዛፍ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ክዳን ለብሷል።

ይህ ማሳ ምን ይባላል? የእርሻ መሬት ነው፣ የግጦሽ ነው ወይስ ደን? በአገራችን አዋጆች አንቀጽ 1 አጭር ርእስ፣ አንቀጽ 2 ትርጓሜ መሆኑ የተለመደ ነው። ሰው ቅጣቱን ለማየት ወደ መጨረሻ ገጾች ይሮጣል እንጂ ትርጓሜውን አያነብም። የገበሬው ማሳ ስሙን የሚያገኘው ግን እዚያ ነው። «ደን» የሚለው ቃል በአንቀጽ 2 ሰፋ ብሎ ከተተረጎመ፣ ዛፉን ለመቁረጥ ፈቃድ መጠየቅ ሊመጣ ነው። አንቀጽ 2ን በጣቱ እየተከተለ የሚያነብ የኮሚቴ አባል ለአዊ ገበሬ ከመቶ ንግግር ይበልጣል።

ቃሉስ እንዴት ይሰጥ? በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በግዛቲቱ ወይም በፌዴራሉ ረቂቅ ሕግ ላይ የከተማዋ ይፋዊ አቋም የሚባለው፣ በውሳኔ መልክ ጸድቆ ከንቲባው ሲስማማበት ነው። ረቂቁ በቁጥሩ ይጠራል፤ ከተማዋ ትደግፈው ወይም ትቃወመው እንደሆነ፣ ወይም ምን ቢሻሻል እንደምትደግፈው ተጽፎ ይቀመጣል። እኔን የሚያስቀናኝ ጽሑፉ ነው። እኛ ዘንድ የረቂቅ አስተያየት በአብዛኛው የሚሰጠው በአዳራሽ መድረክ ነው፤ ሰው እጁን አውጥቶ ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሻይ ይጠጣና ይበተናል። ከዚያ የትኛው ሐሳብ የትኛውን አንቀጽ እንደለወጠ መከታተል ከባድ ነው። የብሔረሰብ ምክር ቤቱ ኮሚቴዎች በእያንዳንዱ አዊን በሚነካ ረቂቅ ላይ አንቀጽ በአንቀጽ የጽሑፍ አቋም ቢልኩ፣ ያ ወረቀት ባሕር ዳር ላይ መልስ ይጠይቃል።

ከመጻፉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ረቂቁ የሚመጣው በአማርኛ ነው፤ ማሳው ላይ የሚነገረው አውንጊ ነው። ትርጓሜው በአውንጊ ጮክ ብሎ ይነበብ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ልጄ፣ ጤፍ ዘርቼ ዛፍ ያበቀልኩበት፣ ዘንድሮ ሣር ያጨድኩበት መሬት ከነዚህ ውስጥ የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ጸሐፊው ጥያቄውን እንዳለ አንቀጽ 2 ጎን ላይ ይጻፈው።