የጭቃ ግድግዳ ቀዳዳ እንዴት ይጠገናል?

የሚከተለው ምንባብ የአንድን ሥራ አካሄድ የሚያስረዳ ድርሰት ነው። ስታነቡ ጸሐፊው የትኛውን ተግባር ከየትኛው እንዳስቀደመና ለምን እንዳስቀደመ አስተውሉ።

ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ የአዲስ አበባ ሠፈር ለብዙ ዘመን የጭቃ ቤት ሠፈር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ቆመዋል። ጭቃ ቤት ግን ከከተማይቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ስለዚህ አጠጋገኑን ማወቅ ዛሬም ይጠቅማል።

የጭቃ ግድግዳ በቋሚ፣ በማገርና በምርጊት ይሠራል። ቋሚው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባ ቤት ሠሪ በሌላ እንጨት ብዙም አልሠራም። ማገሩ በቋሚው ላይ አግድም በምስማር የሚመታ ቀጭን እንጨት ነው። ምርጊቱ ደግሞ ከአፈር፣ ከውኃና ከጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ጭዱ እንደ ክር አያይዞ ስለሚይዘው ስንጥቁ ጥቃቅን ሆኖ ይቀራል። ጭድ የሌለበት ጭቃ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢለጠፍ ጥቂት ቆይቶ ይረግፋል።

ቀዳዳ ያየ ሰው ወዲያው ጭቃ ለማቡካት ይቸኩላል። ከዚያ በፊት ግን ቀዳዳው ከምን እንደ መጣ መመርመር አለበት። ከጣራው ሥር ያለ ቀዳዳ ከሆነ የቆርቆሮውን ማፍሰስ ተመልከቱ። በመሬቱ አጠገብ ከሆነ ከክፈፉ የሚወርደው የክረምት ዝናብ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን እየመታው ይሆናል፤ ወይም አይጥ ቆፍሮት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው የቋሚው መበስበስ ነው። ቋሚው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ በቢላዋ ወጋ አድርጉት፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱን እርጥበት ወይም ምስጥ በልቶታል ማለት ነው። ጣራው የተሸከመው በዚህ እንጨት ላይ ነውና፣ ቀዳዳውን ብቻ ደፍኖ መተው ቤተሰቡን በክረምት ሌሊት ለአደጋ አጋልጦ ማስተኛት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቋሚ ለመለወጥ ጣራውን በድጋፍ ማቆም ስለሚያስፈልግ ባለሙያ አናጢ ይጠራ።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ጭቃ ቤቶች እንዲህ እስኪሆኑ የቆዩበት ምክንያት የነዋሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ብዙ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራያቸው አነስተኛ ነበር፤ ጥገናቸውም እንደ ኪራያቸው አነስተኛ ሆነ።

ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ ወደ ሥራው ይገባል። ጭቃው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ የሚለጠፍ ጭቃ አይበጅም። ልክ እንደ ሊጥ ለጥቂት ቀናት ውኃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ ይቦካል፤ ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር የሚዋሐደው ያን ጊዜ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ አብዝቶ ስለሚሰነጠቅ ለብቻው አይመረጥም።

በቀዳዳው ዙሪያ የላላውን ሁሉ ጠንካራው ክፍል እስኪገኝ ድረስ አራግፉ። ቀዳዳው ስለሚሰፋ አትደንግጡ። የተሰበረ ማገር ካለ በሌላ ተኩ። ከዚያም የቀዳዳውን ጠርዝ ውኃ ረጭታችሁ አርጥቡት። ይህን የሚዘነጉ ብዙዎች ናቸው፤ ደረቁ አሮጌ ጭቃ የአዲሱን ውኃ መጥጦ ስለሚያደርቀው ሁለቱ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ጭቃውን ወርወር እያደረጋችሁ ከማገሩ ጋር አጣብቁት፤ አንድ ሰው በውስጥ፣ ሌላው በውጭ ሆኖ ቢጫን ደግሞ መልካም ነው። ፊቱ ከግድግዳው ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ለልስኑ ቦታ ያስፈልጋልና።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ ደረጃዎች የየራሳቸው ግስ አለው፤ መጀመሪያ ይመረጋል፣ ቀጥሎ ይለሰናል፣ በመጨረሻም ኖራ ይቀባል። ምርጊቱ ደርቆ ቢሰነጠቅ አትጨነቁ፤ እንዲያውም ስንጥቁ ልስኑን ቆንጥጦ ይይዛል። ልስኑ ከተነፋ አፈርና ከደቀቀ ጭድ ተቦክቶ በስሱ ይቀባል። ኖራው የሚቀባው ልስኑ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው።

ሲሚንቶ ቢለጠፍስ የሚል ይኖራል። ሲሚንቶ ጠንካራ ቢሆንም ከጭቃ ጋር አይስማማም። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶው ግን ከእርሱ ጋር ስለማይንቀሳቀስ እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል። ከኋላው የታፈነው እርጥበትም ቋሚውን ያበሰብሰዋል። ሲሚንቶ መለሰን የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሽቦ መረብ በግድግዳው ላይ ይምታ።

በጋራ መኖሪያ ሕንጻ የምትኖሩ ሌላ ዓይነት ግድግዳ ይገጥማችኋል። የብሎኬት ግድግዳ ቀዳዳ ከታጠበና ከረጠበ በኋላ በአሸዋና በሲሚንቶ ይደፈናል። በአንዳንድ ቤቶች ግን ክፍሎቹ የተለያዩት አግሮስቶን በሚባል ሰሌዳ ነው፤ ይህም ከሸንኮራ አገዳ ገለባና ከማግኒዥየም ውሕዶች የሚሠራ ነው። በሰሌዳ ላይ የወጣ ሰፊ ቀዳዳ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል፤ ከበስተኋላው ጣውላ ይታሠራል፤ በልኩ የተቆረጠ ቁራጭ በጣውላው ላይ በብሎን ይያዛል፤ መገጣጠሚያው በጄሶ ተሞልቶ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ጄሶ ፈጥኖ ስለሚጠጥር ጥቂት ጥቂቱን አቡኩ። በዚህ ዓይነት ግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊያልፍ ስለሚችል፣ መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አጥፉ።