ከጣርማበር ማዶ፦ የሚነበብ ግን የማይሸጥ መጽሐፍ

ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚጓዝ መጽሐፍ ደብረ ብርሃንን ያልፍና በጣልያን ዘመን የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ ሾልኮ ደብረ ሲና ይደርሳል። 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። በነዚህ ከተሞች ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው እንደ አራት ኪሎ ወይም እንደ ለገሃር መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ የሚዞር አዟሪ አይጠብቅም። መጽሐፍ የሚገኘው ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ነው፤ መንፈሳዊ ከሆነ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደጃፍ። የቀረው አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለስ ዘመድ አደራ ይባላል።

ወይም ደግሞ በስልክ ይመጣል። ስለ ወረቀትና ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሽያጭ የሚነሳው ክርክር እዚህ አገር ሲደርስ መልኩን የሚቀይረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረበትን እንይ። አማዞን ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በሜይ 2011፣ ለእያንዳንዱ 100 የወረቀት መጽሐፍ 105 የኪንድል መጽሐፍ እየሸጥሁ ነው አለ። በዚያው ዓመት ቦርደርስ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የመጻሕፍት መደብር ከስሮ ተዘጋ። የወረቀት መጽሐፍ ሞተ ተብሎ ተጻፈ፤ አሟሟቱን የሚተነትኑትም መጻሕፍት የታተሙት በወረቀት ነበር። ከዚያ ግን ነፋሱ ዞረ። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የአሜሪካ አሳታሚዎች ለአጠቃላይ አንባቢ ከሚያሳትሟቸው መጻሕፍት ገቢ አንድ አምስተኛ ገደማ ደርሶ ቆመና ማሽቆልቆል ጀመረ። በቅርብ ዓመታት ከአሥር አንድ እጅ አካባቢ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች የሶፍት ኮፒውን ዋጋ ራሳቸው መወሰን ሲጀምሩ ዋጋው ወደ ወረቀቱ ተጠጋ፣ ገዢውም ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከ820 ሚሊዮን በላይ የወረቀት መጻሕፍት ተሸጡ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ፉክክሩ የተካሄደው በሁለት የሚሸጡ ዕቃዎች መካከል ነበር። ሁለቱም ዋጋ ነበራቸው፤ በሁለቱም ደራሲው ይከፈለው ነበር።

ወደ አማርኛ ስንመጣ የሚሸጠው በአብዛኛው አንዱ፣ ወረቀቱ ብቻ ነው። በሶፍት ኮፒ የሚነበበው መጽሐፍ ብዛት የትየለሌ ነው። የቴሌግራም ቻናል የከፈተ ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል፤ ፍቅር እስከ መቃብርም፣ ትናንት የተመረቀው ልብ ወለድም፣ የ12ኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍም በአንድ መስመር ተሰልፈው ይወርዳሉ። ግን አንዳቸውም አልተሸጡም። አንድ ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ገጽ በገጽ ስካን አደረገው፣ ሌላው አሰራጨው፣ አሥር ሺህ ሰው አወረደው። ደራሲው ያገኘው የአንዲት ቅጂ ዋጋ ነው፤ ከእርሷም የአከፋፋዩ ድርሻ ይነሳል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል ሌብነት የሚለው መልስ አጭር ነው፤ ደግሞም ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማተሚያ ቤቶቻችንና የገጽ አቀናባሪዎቻችን የሠሩት በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ነበር። በእነርሱ የተጻፈ ፋይል ከዚያ ፎንት ውጭ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ የታተመ መጽሐፍ ወደ ትክክለኛ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ ማለትም ፊደሉ ከስልኩ ስክሪን ጋር ራሱን እያስተካከለ ወደሚነበበው ዓይነት፣ ይለወጥ ቢባል ብዙውን ጊዜ እንደገና መተየብ ነው። የደከመ አሳታሚ ይህን አያደርግም። ስካን የሚያደርገው ሰው ግን ፎንት አያስጨንቀውም፤ ፎቶ ማንሳት ነው። ጣቱን እያንሸራተተ፣ ገጹን እያሰፋና እያጠበበ 500 ገጽ የሚጨርስ አንባቢ ትዕግሥቱ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ክፍያ ነው። ኪንድል በሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ቢኖርም እንኳ የሸዋ ሮቢቱ መምህር በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ከወዴት ያመጣል? ይህ ሰበብ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ያስኬድ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ሽንኩርትና ማንጎ የሚነግደውም ገንዘቡን በስልክ ያስተላልፋል። እንደ ተራኪ ያሉ የትረካ መጽሐፍ መተግበሪያዎች የመጡትም አንባቢው ለሚሰማው መጽሐፍ ይከፍላል ብለው ነው። የጽሑፉ ገበያ ግን አሁንም ከኋላ እየተጎተተ ነው።

በባዕድ ቋንቋና በራሳችን ቋንቋ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ኦሮማይ የተባለውን ልብ ወለድ መመልከት ይበቃል። በዓሉ ግርማ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አሳተመው፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ደርግ ከወደቀ በኋላ በይፋ ታተመ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲወጣ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክም ለሽያጭ ቀረበ። የአማርኛው ኦሮማይ በስልክ የሚነበበው ግን በአብዛኛው ያው በየቻናሉ በሚዞረው ስካን ነው።

ወረቀቱስ? የወረቀቱ ገበያ የሚኖረው በውጭ ምንዛሪ ነው። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የማተሚያው መለዋወጫም ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ የሕትመት ዋጋም ተከትሎ ወጣ። አሳታሚውም አከፋፋዩም ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ ሽፋኑ ላይ የሚታተመው ዋጋ ለደብረ ሲና ተማሪ ከአቅም በላይ ነው። ይህ አንባቢ ፒዲኤፍ ሲያወርድ ደራሲው ገዢ አጣ ማለት ይከብደኛል፤ ድሮም ገዢ አልነበረም። የአዲስ አበባው ባለ ደመወዝ ሲያወርድ ግን ሌላ ነው፤ እርሱን አልከራከርለትም።

ይፋት ላይ ነገሩን ያባባሰ ሌላ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት መካከል በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ወረቀቱ በመንገድ፣ ሶፍት ኮፒው በመረብ ይመጣል፤ እዚህ ሁለቱም ቆሙ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይሉ በዜንደር መተግበሪያና በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ሕጋዊው መተግበሪያ ግን መረብ ከሌለ አይሸጥም። በቀማኛና በነጋዴ መካከል ያለው ውድድር እንዲህ ከሆነ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ለደራሲው የዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ የ50 ዓመት መብት ይሰጣል፤ ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ቻናል ከፋቹ ግን ስምም አድራሻም የለውም። አንዱ ሲዘጋ ማግስቱን በሌላ ስም ይከፈታል። ከዚህ ትግል ብዙ አልጠብቅም።

ይልቅ ተስፋ የሚሰጠኝ የቆየ ልምድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ በነጻ ሰማ። የሰማው ሰው መጽሐፉን ከመግዛት አልቦዘነም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይታተማል። በነጻ መድረስ ብቻውን መጽሐፍን አይገድልም። የሚገድለው የሚከፍል ሰው መክፈያ በር ሲያጣ ነው።

ስለዚህ ለደራሲዎቻችንና ለአሳታሚዎቻችን ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉ በሚመረቅበት ቀን በዩኒኮድ የተዘጋጀ፣ ያለ መረብ የሚከፈት ሶፍት ኮፒ ከወረቀቱ በእጅጉ በረከሰ ዋጋ፣ በቴሌብር እንዲሸጥ አድርጉ። አንባቢም በፒዲኤፍ አንብበህ የወደድኸው ደራሲ ቀጣይ መጽሐፍ ሲወጣ ግዛው፤ ደብረ ሲና ካልደረሰ በአደራ አስመጣው።