ጥንድ ያጣው ኤሌክትሮን

በእርሻ ወራት ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥማዱን የሚነዳ ገበሬ ማየቱ አይቀርም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል፤ ይህንንም መቀናጆ ይሉታል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ ያሰብነው የኤሌክትሮን ነገር ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። እያንዳንዱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ሲጣመዱ ግን የአንዱ ማግኔትነት የሌላውን ያጠፋዋል። ጥንድ ያጣው ብቻ ማግኔትነቱ ይቀርለታል። የሰሜን ተራሮች ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብረት ስላለበት፣ ከደባርቅ ሜዳ የተነሣ አንድ ጠጠር እንኳ እንዲህ ያሉ ነጠላ ኤሌክትሮኖችን ቁጥር ስፍር በሌለው ብዛት ይዟል።

እነዚህን የመመርመሪያውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1944 በካዛን ከተማ ያገኘው ሩስያዊው የፊዚክስ ሊቅ የቭጌኒ ዛቮይስኪ ነው። የሚመረመረው ነገር በማግኔት መካከል ይቀመጥና የራዲዮ ሞገድ ይላክበታል። የሞገዱ ምት ከኤሌክትሮኑ ምት ጋር ሲስማማ ኤሌክትሮኑ ይገለበጣል፤ ይህም ይለካል። ሊቃውንት በዚህ ዘዴ የጥንት ጥርስን ዕድሜ ሳይቀር ያውቃሉ።

ችግሩ የድምፁ ማነስ ነው። በተራው መሣሪያ ለመሰማት ብዙ ቢሊዮን ኤሌክትሮኖች በአንድነት መናገር አለባቸው። በደባርቅ ገበያ መካከል ሹክሹክታን ማን ይሰማል? ሌሊት ውርጩ ወርዶ አገሩ ጸጥ ሲል ግን ከገደሉ ማዶ የሚጮኸው ውሻ ሳይቀር ይሰማል።

ለኤሌክትሮንም ሙቀት እንደ ገበያ ሁካታ ነው። ስለዚህ በፈረንሳይ አገር በሳክሌ ፓትሪስ ቤርቴና ባልደረቦቻቸው መሣሪያቸውን ከዜሮ በታች ወደ 273 ዲግሪ፣ ማለት የብርድ ሁሉ መጨረሻ አጠገብ አወረዱት። በዚያ ብርድ እንደ ኒዮብየምና አሉሚኒየም ያሉ ብረቶች ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋሉ፤ ከእነርሱ የተሠራ ረቂቅ ሰርኪትም ደካማውን ሞገድ ሳያባክን ያጠራቅማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይኸው ቡድን 1,700 ያህል ኤሌክትሮኖችን ለመስማት መቻሉን አስታወቀ። በ2023 ደግሞ የሞገዱን ቅንጣቶች አንድ በአንድ በመቁጠር በክሪስታል ውስጥ ያለ የአንድ ኤርቢየም አቶምን ድምፅ ለይቶ ሰማ።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? አገራችን የሰው ዘር ጥንታዊ ቅሪት በብዛት የተገኘባት ናት። ለምርመራ የተፈጨ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ ጥርስ አይሆንም። አዲሱ መሣሪያ ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም፤ ከደረሰ ግን ከቅርሱ የሚወሰደው ቅንጣት እጅግ ያንሳል። ያን ጊዜ ቅርሱ ባሕር ተሻግሮ ይነበብ፣ ወይስ የዳባትና የደባርቅ ልጅ በአገሩ ያንብበው? መልሱ ያለው ዛሬ የፊዚክስ ደብተራቸውን ገልጠው በተቀመጡትና ላቦራቶሪ እንዲቋቋም ማመልከቻ በሚቀርብላቸው ወጣቶች እጅ ነው እንላለን።