ስኳራችን "ኖርማል" ነው፤ ቆሽታችንስ? ያረጁ አይጦች የሚነግሩን



ፍራንክፈርት ኤርፖርት የታክሲ ተራ ስንጠብቅ አንዱ ሾፌር ወንድማችን ኮላውን እየጠጣ "ስኳሬን ተለክቻለሁ፣ ኖርማል ነው ብለውኛል" ይለናል። እኛም ስንለው የኖርነው ነው። ግን እኮ ይህ ቁጥር ብቻውን ሁሉን አይነግረንም። ለምን? እስኪ በደንብ እንየው።

ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው። የበላነው እንጀራ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ኢንሱሊን የጡንቻንና የስብን በር አንኳኩቶ "ክፈቱ፣ አስገቡት" ይላል። ጉበትንም "አንተ ደግሞ ስኳር መልቀቅህን ቀንስ" ይለዋል። እዚሁ ከተማችን ሆክስት የሚገኘው ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1923 መድኃኒቱን ማምረት ጀምሯል፤ ዛሬም እዚያው ይመረታል።

አሁን ወደ አይጦቹ እንምጣ። የላብራቶሪ አይጥ የሚኖረው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። በሦስት ወሩ ጎረምሳ ነው፤ ዓመት ተኩል ሲያልፈው ሽማግሌ ይባላል። ስለዚህ እኛ ላይ አሥርት ዓመታት የሚፈጀውን እርጅና ተመራማሪዎች ቶሎ ያዩታል። አይጡን ለጥቂት ሰዓት አስርበው ኢንሱሊን ይወጉታል፤ ከዚያ ከጅራቱ ጫፍ ጠብታ ደም እየወሰዱ ስኳሩን ይለካሉ። የወጣቱ ቶሎ ይወርዳል። ያረጀው ግን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይወርድለትም። በሩ ይንኳኳል፣ ከፋቹ ግን ዳተኛ ሆኗል።

ታዲያ ቆሽት ምን ያደርጋል? ኢንሱሊን ይጨምራል። በዚህም የተነሳ ስኳሩ ለጊዜው ኖርማል ሆኖ ይቆያል። ልክ ዳገት ላይ እንዳለ መኪና በሉት፤ ፍጥነት መለኪያው ያው 50 ያሳያል፣ ሞተሩ ግን እየጮኸ ነው። ቆሽት የደከመው ዕለት ስኳሩ ይወጣል፤ ያኔ ነው "በድንገት ያዘኝ" የምንለው። ነገሩ ግን ድንገት አልነበረም።

ጥፋቱ የዕድሜ ብቻ ነው? አይደለም። በ2015 ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳልክ ተቋም ተመራማሪዎች፣ አይጥ ሲያረጅ አንድ ዓይነት የበሽታ መከላከያ ህዋስ ስቡ ውስጥ እንደሚከማች አሳዩ። እነዚህን ህዋሶች ሲቀንሱ ከእርጅና የሚመጣው የኢንሱሊን አለመታዘዝ ተከላከለ። ከውፍረት የሚመጣውን ግን አልከለከለም። ዕድሜና ቦርጭ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው ማለት ነው። አሥር ሰዓት መሪ ላይ የምንቀመጥ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰዎች በሁለቱም በኩል ነው የሚመጣብን።

ስደትም ራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በ1988 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወጣቶች ላይ የስኳር በሽታ በብዛት መገኘቱን አሳይቷል። ወጣቶች ናቸው፣ ልብ በሉ! "ገና ነኝ" ማለት አያዋጣም።

ዕድሜን መመለስ አንችልም። ሌላውን መንገድ ማጥበብ ግን እንችላለን። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳር ያስገባል፤ ለዚህ ነው ከምግብ በኋላ በእግር መሄድ የሚጠቅመው። ተራ ስንጠብቅ ከመኪና ወርደን እንራመድ፣ ኮላውን በውኃ እንለውጥ።

እዚህ ጀርመን ደግሞ የመንግሥት ጤና መድን ያለው ሰው ከ35 ዓመቱ ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ ሃውስአርዝት ዘንድ አጠቃላይ ምርመራ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ የደም ስኳርም ይለካበታል። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነና ድጋሚ ምርመራም ካረጋገጠው ስኳር በሽታ ነው። ቁጥሩ ከ100 በታች ሆኖ ቦርጭ ካለ ወይም ወላጅ ስኳር ካለበት፣ ይህንኑ ለሐኪሙ እንንገረው። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን ያለ ሐኪም ምክር ምንም እንዳትቀይሩ፣ አደራ።

ወረቀቱ "ኖርማል" ቢልም ሞተሩን እናዳምጥ። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።